ተቀምጬ የመረጥኩት ሽጉጥ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ደንበኛ ፍለጋ አይደለም፤ የምተርክላችሁ ነገር የተፈታው በልብስ ሰፊ ዓይን ስለሆነ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻና የሰው ወገብ ስለካ ኖሬያለሁ። አንድ ሰው በሱቄ በር ሲገባ ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ማለቱን ገና ሰላምታ ሳይሰጠኝ አየዋለሁ። የቀድሞ ባሌ «አንቺ ስፌት እንጂ ሰው አታዪም» ይለኝ ነበር። አልተሳሳተም፤ እሱንም በደንብ ያየሁት ስፌቱ ከተተረተረ በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው አባቴ በሞተ በዓመቱ ነው። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከባሌ የተፋታሁ፣ ልጅ የሌለኝ፣ ለአባቴም አንድ ልጁ። አባቴ ከአንኮበር ከተማ ወረድ ብሎ ባለው ገጠር ገብስና ባቄላ የሚያበቅል መሬት ነበረው። ደብተሩ ወደ እኔ ስም ዞሯል፤ ማኅተሙም ፊርማውም ሙሉ ነው። ጌታነህ ግን ደብተር የሚገደው ሰው አይደለም። ጌታነህ የአጎቴ ልጅ ነው፤ መሬቱ ከአባቴ መሬት ጋር ይዋሰናል። አባቴ ከተቀበረ ሁለት ወር ሳይሞላ የድንበሩን ድንጋይ ነቀለና ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ እኔ ገፍቶ ተከለው። አረሰው፤ ዘራው። እኔ ስጠይቅ መልሱን በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት ተናገረ፦ «ድንበሩ ላይ ካየኋት በእግሯ አትመለስም።»

ዘመድ ሁሉ «ተይው» አለኝ። «አንቺ ስፌት አለሽ፣ ከተማ ነው የምትኖሪው፤ ለሠላሳ እርምጃ ብለሽ ሕይወትሽን ልታጪ ነው?» አሉኝ። ጌታነህን ግን «ተው» ያለው አንድ ሰው አልሰማሁም። ከምንም በላይ ያናደደኝ ይኸው ነው። ዘንድሮ ሠላሳ እርምጃ ብተውለት ለከርሞ ሠላሳ ይጨምራል፤ አባቴ ዕድሜውን የጨረሰበት መሬት ላይ እኔ እንግዳ ልሆን ነው። አልተውም አልኩ። ሽማግሌ ላክሁ፤ ገብሱ ከታጨደ በኋላ ድንበሩ ላይ እንድንቀመጥ ቀን ተቆረጠ።

ከመኪና መንገዱ እስከ መሬቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ በገደል አፋፍ ላይ የሚወርድ፣ ሰው የማይበዛበት። ያንን መንገድ ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ የሽጉጥ ፈቃድ ለማውጣት አመለከትኩ። የቢሮው ጸሐፊ «ለባለቤትሽ ነው?» አለችኝ። «ለራሴ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች፤ ከዚያ ግን ፎርሙን በሚያምር ጽሑፏ ሞላችልኝ። ብዙ ተመላለስኩ፣ ብዙ ተጠየቅኩ፣ በመጨረሻ ፈቃዱ እጄ ገባ።

ሻምበል ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። ሰውነታቸው በየዓመቱ ስለሚቀንስ ኮታቸውን በየዓመቱ የማስተካክልላቸው እኔ ነኝ። ሄጄ ሳማክራቸው «ማፈላለጉን ለእኔ ተይው» አሉኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲያስጠሩኝ ሳሎናቸው ውስጥ በነጭ ጨርቅ ላይ ሦስት ሽጉጦች ተደርድረው ጠበቁኝ፤ ሦስቱም ፈቃድ ያላቸው፣ ባለቤቶቻቸው በሕግ ሊያዛውሯቸው የተስማሙ። አንዱ የራሳቸው የሻምበል አሮጌ ማካሮቭ ነው። ሁለተኛዋ ከጫጫ ከተማ የመጣች፣ እጀታዋ የሚያብረቀርቅ ትንሽዬ ሽጉጥ ናት። ሦስተኛው ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ለዓይን ምንም የማይስብ የቱርክ ሥሪት ነው። ሻምበል የሦስቱንም ካዝና አውጥተው ባዶ መሆናቸውን ለእኔም አሳዩኝ።

የልጃቸው ባል ፍሬው አብሮን ተቀምጦ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ትንሿን አነሳ።

«ለሴት ይቺ ናት! ቀላል፣ ቆንጆ፣ ቦርሳ ውስጥ ግጥም የምትል።»

«ቦርሳዬን ቢነጥቁኝስ?» አልኩት።

«እሱማ...»

«ሽጉጡንም መርቄ ሰጠኋቸዋ!»

ሻምበል ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና «እስቲ አቀባብያት» አሉኝ። ትንሿን ይዤ የላይኛውን ብረቷን ወደ ኋላ ሳብኩ፤ እምቢ አለችኝ። እንደገና ሳብኩ፤ ጣቶቼ አንሸራተቱኝ። እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣቴ አየር ላይ ቀርታለች።

«ትንሽ ሽጉጥ የውስጥ ሞላው ጠንካራ ነው፤ ለመሳብ ያስቸግራል» አሉ ሻምበል፣ ወደ ፍሬው እያዩ። «ትንሽ ነገር ሁሉ ለሴት ይቀላታል ያለህ ማነው?»

ማካሮቩን አነሳሁ። እሱ በደንብ ተቀባበለልኝ፤ እጄም ሞላ። ክብደቱን ወደድኩት፤ እውነት ለመናገር ስይዘው ጌታነህ ትዝ አለኝና ደስ አለኝ። «ይኼን እወስዳለሁ» አልኩ።

«ቆይ እንጂ! ቆመሽ ነው የመረጥሽው» አሉ ሻምበል። ቀበቷቸውን በቀሚሴ ላይ አስታጠቁኝና ሽጉጡን ወገቤ ላይ ሻጡት። ነጠላዬን አለበሱኝ። «በይ በርጩማው ላይ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እጀታው የጎድን አጥንቴን ወጋኝ። ሳላስበው ወደ ግራ ዘንበል አልኩ።

«ወጋሽ?»

«ኧረ ምንም አይል።»

ከሱቅ ይዤው የመጣሁትን መቀሴን ከጠረጴዛው አንስተው መሬት ላይ ጣሉት። «አንሺው።»

ወገቤን ማጠፍ ስላልቻልኩ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ በጉልበቴ ወረድኩ። ፍሬው ከት ብሎ ሳቀ። ሻምበል ግን አልሳቁም።

«አየሽ እንዴት እንደሆንሽ? ሽጉጥ ደብቆ የማይመቸው ሰው ጀርባው ይደርቃል። ክንዱን ከጎኑ አይለይም። ሲቀመጥ በአንድ ጎኑ ነው። አንቺ ደበቅኩት ትያለሽ፣ ያየሽ ሁሉ ያውቅብሻል። ሽጉጥ የሚመረጠው ተቀምጦ ነው፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀመጡኝ፣ አስነሱኝ። ሚኒባስ ውስጥ እንዳለሁ ክንዴን ወደ ላይ አንስቼ ያዝኩ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚሰገድ ሰገድኩ። የደጃቸውን ደረጃ ወጥቼ ወረድኩ። በመጨረሻ ያ ምንም የማያምረው ጠፍጣፋው የቱርክ ሽጉጥ ቀረ፤ ስቀመጥ ረሳሁት። «በቃ፣ ከረሳሽው እሱ ነው ያንቺ» አሉ።

ቀበቶው ግን የወንድ ነገር ነው፤ ቀሚስ ለለበሰ አይሆንም። እሱን ለእኔ ተዉት አልኩ። ከአቡጀዲና ከሸራ ከውስጥ የሚታሰር ሰፊ መቀነት ሰፋሁ፤ የቀሚሴን የጎን ኪስ ከሥሩ ከፍቼ እጄ በኪሱ በኩል እንዲደርስ አደረግኩ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ መልሼ ሰፋሁት። ሻምበል ደግሞ አያያዙን፣ አቀማመጡን፣ በተለይም መቼ እንደማይነካ በደንብ አስተማሩኝ።

የሽምግልናው ቀን ማለዳ ከደብረ ብርሃን ሚኒባስ ተሳፍሬ አንኮበር ገባሁ። ጭጋጉ ገና አልተነሳም ነበር። የገደሉን መንገድ ብቻዬን ወረድኩ። ፈራሁ፤ አልዋሻችሁም። ኮሽታ በሰማሁ ቁጥር እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል። ግን ወረድኩ።

ድንበሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ወይራ አለ። ሽማግሌዎቹ፣ ጌታነህና የሰፈሩ ሰው ተሰብስበው ሳለ ደረስኩ። ሽምግልናውን የሚመሩት የደብሩ ካህን መምሬ ሀብቴ ናቸው። በዚያ አገር ለእርቅና ለድንበር ነገር ሲቀመጡ የጸና ደንብ አለ፤ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ከዛፉ ሥር ያስቀምጣል፣ ከዚያ መስቀል ተሳልሞ «ሌላ የለኝም» ይላል። ይህን ብሎ የደበቀ ከተገኘ ነገሩን እንደተረታ ይቆጠራል፤ ሌላ ክርክር አይሰማለትም።

መምሬ አዩኝና «ማን ነው የሚቆምልሽ?» አሉኝ።

«እኔው ነኝ፣ አባ።»

«ወንድ ዘመድ ይዘሽ አልመጣሽም?»

«ያለኝ ወንድ ዘመድ ጌታነህ ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጌታነህ አልሳቀም። ትልቅ ነጭ ጋቢ ደርቧል፣ ክላሽ በትከሻው አንግቷል። ሲያየኝ መሬት ላይ እንትፍ አለ።

መምሬ መስቀላቸውን አወጡ። ወንዶቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ጠመንጃቸውን ከወይራው ሥር አስደገፉ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ «ሌላ የለኝም» አሉ። ጌታነህም ክላሹን አስቀመጠ። ተሳለመ። «ሌላ የለኝም» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። መምሬ መስቀሉን ይዘው በእኔ በኩል አለፉ። እኔ ጋ ሲደርሱ አልቆሙም፤ ባዶ ቦታ እንደሚያልፉ ነው ያለፉኝ። «እንግዲህ ተጨርሷል፤ እንቀመጥ» አሉ።

እዚህ ላይ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል መሣሪያ የያዝኩት እኔ ብቻ ልሆን ነው። የዛተብኝ ሰው ደግሞ እዚያው ፊት ለፊቴ ነው። ለደኅንነቴ ዝምታው ይሻል ነበር። ግን ያ መስቀል እኔን ዘልሎ ማለፉ አንገበገበኝ። ቃሌን እንኳን ካልጠየቁኝ የእኔን ነገር እንዴት አድርገው ሊዳኙ ነው? መሬት አለኝ እያልኩ መሣሪያ የለኝም ተብዬ ልገመት?

«አባ፣ አልጨረሱም» አልኩ። «እኔም አለኝ።»

በቀሚሴ ኪስ እጄን ሰድጄ ሽጉጡን አወጣሁ። ካዝናውን ነቀልኩ፣ ባዶነቱን አረጋገጥኩ፣ ሄጄ ከጠመንጃዎቹ አጠገብ ነጠላዬን አጥፌ አነጠፍኩና በላዩ አስቀመጥኩት። ተመልሼ መስቀሉ ፊት ቆምኩ። መምሬ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ፤ ከዚያ ቀስ ብለው መስቀሉን ዘረጉልኝ።

«ሌላ የለኝም» አልኩ።

ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ከሴቶቹ መካከል የአባቴ የረጅም ጊዜ ጎረቤት እማማ የሻረግ ተቀምጠው ነበር፤ ሰባ የዘለሉ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማያወሩ ሴት። በአጠገባቸው ሳልፍ ቀሚሴን ጎተት አደረጉና «ሞኝ!» አሉኝ። ልቤን አመመኝ። ሴት ልጅ ሽጉጥ ይዛ ትመጣለች ወይ ማለታቸው መስሎኝ ነበር። አሁን ወደኋላ ሳስበው እስቃለሁ፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ክርክሩ ተጀመረ። እኔ ደብተሬን አሳየሁ። ጌታነህ ተነስቶ «ወረቀት ከተማ ይሠራል፤ ድንበሩን አያቶቻችን ናቸው የሚያውቁት» አለ። ብዙ ተናገረ። እኔ ግን ከመሃል ላይ ንግግሩን መስማት ተውኩ። ዓይኔ ጋቢው ላይ ቀርቶ ነበር።

ጋቢ ሲደረብ በሁለቱም ጎን እኩል ይወርዳል፤ ከጥጥ የተሠራ ነው፣ የራሱ ሐሳብ የለውም። የጌታነህ ጋቢ ግን በቀኝ ጎኑ አንድ ቦታ ላይ ቆም ይልና ከዚያ ይወርዳል። በግራ እጁ እንደ ልቡ እያወናጨፈ ያወራል፤ ቀኝ ክንዱ ከጎኑ አይለይም። ተናግሮ ሲጨርስ መቀመጫው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ በአንድ ጎኑ፣ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ።

የሻምበል በርጩማ ላይ ያለሁ መሰለኝ። የጎድን አጥንቴ ራሱ አስታወሰኝ።

ሽጉጤ ከወይራው ሥር ነው፤ በዓይኔ ለካሁት፣ ሃያ እርምጃ። እኔና ጌታነህ ግን የሚለየን አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ደብቆ የተቀመጠው ደግሞ ለማን እንደሆነ አላጣሁትም፤ «በእግሯ አትመለስም» ያለው እኔን ነው።

መምሬ «ሁለታችሁም ኑ፣ የድንበሩን ድንጋይ ይዛችሁ ማሉ» አሉ። እኔ ጎንበስ ብዬ እጄን ድንጋዩ ላይ አደረግኩ። ጌታነህ መጣ። ጀርባውን ቀጥ አድርጎ በጉልበቱ ብቻ ወረደ፣ ድንጋዩን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገና ተነሳ። መቀሴን ያነሳሁበት አወራረድ ነው፤ ቁርጥ እሱን።

«አባ» አልኩ። «ከመማላችን በፊት ጌታነህን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ።»

«ምን ልጠይቀው?»

«መሬት ላይ ይቀመጥ።»

«ምን?» አለ ጌታነህ።

«እግርህን አጣጥፈህ እዚች ሣር ላይ ተቀመጥ። እኔም አብሬህ እቀመጣለሁ።» ቀሚሴን ሰብስቤ ሣሩ ላይ ዘፍ አልኩ። «ይኸው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ይቺ ሴትዮ አብዳለች! መስቀል ተሳልሜ ሳበቃ እኔን ልታስፈትሽ ነው?»

«ማን ፈትሹት አለ? ማንም አይነካህም። ተቀመጥ ብቻ።»

ቀኝ እጁ ወደ ጋቢው ውስጥ ገባ። ከታች ሆኜ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ልነሳ አሰብኩ፤ አልተነሳሁም። ከተነሳሁ የፈራሁ ይመስለዋል፤ ደግሞም በእርግጥ ፈርቼ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ተነስተው በእኔና በእሱ መሃል ቆሙ።

«ጌታነህ» አሉ መምሬ፣ ድምፃቸው ሳይጨምር። «ተቀመጥ፣ ልጄ።»

አልተቀመጠም። መቀመጥ አልቻለም። ላቡ ግንባሩ ላይ ሲወርድ አየሁ፤ በዚያ ብርድ። በመጨረሻ እጁን ከጋቢው ውስጥ ቀስ ብሎ አወጣ፤ አንድ ትልቅ አሮጌ ሽጉጥ በአፈሙዙ በኩል ይዞ። መሬት ላይ ወረወረውና ማንንም ሳያይ ፊቱን አዞረ።

መምሬ መስቀላቸውን ወደ እጅጌያቸው መለሱ። «ከነገሩ ወጥተሃል» አሉት።

ድንጋዩ እዚያው ተነቀለ። ሠላሳውን እርምጃ ቆጥረው ወስደው በነበረበት ቦታ ተከሉት፤ ጉድጓዱ ራሱ ምልክቱ አልጠፋም ነበር። እኔም በእግሬ ረግጬ አጠበቅኩት።

ሰው መሣሪያውን ሲያነሳ አንዱ ሽማግሌ ሽጉጤን ከነነጠላዬ ያዙና ዞር ዞር አሉ። ሳስቀምጠው አይተዋል፤ ለማን እንደሚሰጡት ግን ወንድ ይፈልጋሉ። «ይኼን ማን ይረከብ?» አሉ።

«ባለቤቱ» አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ሻምበል ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ስለ መሬቱ አልጠየቁኝም። «ወጋሽ?» አሉኝ ብቻ።

«አልወጋኝም» አልኳቸው። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ሴቶች፣ ሽጉጥ ግዙ እያልኳችሁ አይደለም። የእኔ እስከ ዛሬ በሰው ላይ ተተኩሶ አያውቅም፤ እንዲተኮስም አልመኝም። የምላችሁ ሌላ ነው። ያን ቀን የጠቀመኝ ወገቤ ላይ መያዙ ሳይሆን «አለኝ» ማለቴ ነው። ስትጠየቁ ብቻ አትናገሩ፤ ዘልለዋችሁ ሲያልፉም ተናገሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቄ ገብቶ «ባለቤትሽን ጥሪልኝ» የሚለኝን ሰው «ባለቤቷ እያናገረችህ ነው» ብዬ እመልሰዋለሁ። ዘመዶቼም «ተይው» ማለት ትተዋል፤ ቢያንስ ፊት ለፊቴ።

በዓመቱ እዚያው ወይራ ሥር በመስኖ ውኃ ተራ ምክንያት እንደገና ስብሰባ ሆነ። እኔም ባለመሬት ነኝና ተጠራሁ። ጌታነህም መጥቷል፤ ያለ ጋቢ። መምሬ መስቀላቸውን አወጡ፤ ትንሽ አሰቡ፤ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ በዚያ አገር ተብሎ የማያውቅ ነገር ተናገሩ።

«መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስቀምጥ። ወንድም፣ ሴትም።»

ሄጄ አስቀመጥኩ። ስመለስ ከሴቶቹ መካከል እማማ የሻረግ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲነሱ አየሁ። ቀስ እያሉ ወደ ወይራው ሄዱ። መቀነታቸውን ፈቱ፣ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ፈቱ፣ ከዚያም ሥር እጃቸውን ሰደው ቀለሙ የለቀቀ ሽጉጥ አወጡና ከእኔው ጎን አስቀመጡት።

«የሻረግ!» አሉ መምሬ። «ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ባሌ ከሞተ ጀምሮ።»

«ሃያ አምስት ዓመት! ስንት ሽምግልና አብረሽን ስትቀመጪ?»

«ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አሉ እማማ የሻረግ። መስቀሉን ተሳልመው «ሌላ የለኝም» አሉና መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ያ «ሞኝ» የገባኝ፤ በመያዜ ሳይሆን በማስቀመጤ ነበር።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ለካ እንዲህ ይቀላል መቀመጥ» አሉኝ። «ሃያ አምስት ዓመት እዚህ ጋ ሲወጋኝ ነው የኖረው።»

ከቦርሳዬ ሜትሬን አወጣሁና እዚያው፣ በሰው ፊት፣ ወገባቸውን ለካሁ።